መኪናውን ከፍ ከማድረጋችሁ በፊት ጎማውን አስተንፍሱት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ነድቻለሁ፤ አብዛኛውን ዕድሜዬን የጨረስኩት ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰመራ፣ አፍዴራ እየተመላለስኩ ነው። ዛሬ የራሴ አንድ ሃርድ ቶፕ ላንድክሩዘር አለችኝ። ለጋዜጣ ጽፌ አላውቅም። ባለፈው ወር ያየሁት ነገር ግን እረፍት ነሳኝ።

ሰኞ ጠዋት ነበር። ወደ ባቲ መውጫ ላይ ነዳጅ ልቀዳ ቆሜ አንዲት ነጭ ሃርድ ቶፕ መጣች። የፊት መከላከያዋ ከወፍራም ብረት የተበየደ ነው። ጣሪያዋ ላይ ስድስት መብራት ተደርድሯል። ከሥር የሚሸከማት የብረት ቅጠል፣ ባሌስትራዋ፣ ተጨምሮበት ከፍ ብላለች፣ ጎማዎቿ ለእሷ ከተሠሩት በጣም ይበልጣሉ። የጣሪያው ዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶ መጋላው፣ ላይ ደግሞ ባለ 200 ሊትር በርሜል ናፍጣ፣ ሁለት ስኮርታ ጎማ፣ ድንኳንና ፍራሽ ተጭኗል። አምስት ልጆች ወርደው ፎቶ ይነሳሉ። ጨዋ ልጆች ናቸው፣ ሰላም ብለውኝ ኤርታሌ እንደሚሄዱ ነገሩኝ። ደስታቸው ያስታውቃል።

ሹፌሩን ጠጋ አልኩት።

«ወንድሜ፣ የንፋስ መሙያ ይዘሃል?»

«አሁን ጎሚስታ ጋ አስሞልቼ ነው የመጣሁት፣ ጢም ብሏል።»

«ውሃስ?»

«ሁለት ካርቶን ሃይላንድ አለ።»

ስድስት ሰው፣ ሦስት ቀን፣ ሁለት ካርቶን ሃይላንድ። በርሜሉን ከጣሪያ አውርድ ብዬ ለመንኩት። «ችግር የለውም ጋሼ፣ መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ሞዲፋይ ሆናለች» አለኝና ሄዱ። በአራተኛው ቀን ያቺው ነጭ መኪና መኪና በሚጭን ሎቤድ ላይ ተጭና ስትመለስ አየኋት። የኋላ ባሌስትራዋ ተሰብሮ አንድ ወገን ተቀምጣለች። ልጆቹ ቀድመው በሌላ መኪና በሰላም መግባታቸውን ስሰማ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም።

ነገሬ አጭር ነው። መኪናችንን ለምድረ በዳ እናዘጋጃለን ስንል ገንዘባችንን የምናፈሰው በተሳሳተው ቦታ ነው። ብረት እንጨምራለን፣ ቁመት እንጨምራለን፣ መብራት እንጨምራለን። በረሃው ግን የሚወደው ቀላል መኪና ነው። ለስላሳ ጎማና ብዙ ውሃ ነው የሚፈልገው። ለፊት መከላከያው ከወጣው ገንዘብ በጥቂቱ አንድ ደህና የንፋስ መሙያና አንድ የንፋስ መለኪያ ይገዛል። እነዚህ ሁለቱ ፎቶ ላይ አይታዩም፣ ሰው ይዘው የሚመለሱት ግን እነሱ ናቸው።

ይህን የምናገረው እኔም ያንኑ ስላደረግኩ ነው። መኪናዋን የገዛሁ ሰሞን አንድ ጋራዥ አስገባኋትና ባሌስትራዋ ላይ በየጎኑ ሁለት ሁለት ቅጠል አስጨመርኩ። የፊት ብረትም አስበየድኩ። ከፍ አለች፣ አማረች። ባዶዋን ስትሄድ ግን እንደ ጋሪ ታነጥራለች። ቅጠል ሲበዛ ባሌስትራው ይደርቃል፣ መተጣጠፉን ይተዋል። ሳይታጠፍ ሲቀር ደግሞ ምቱ በሙሉ ወደ ሻንሲው፣ ወደ መኪናዋ አጥንት፣ ይሄዳል። ይህን የነገረኝ ማንም አልነበረም። ጋራዡም የጠየቅኩትን ሠርቶ ሂሳቡን ተቀበለኝ፣ በቃ።

መጀመሪያ የያዘኝ አሸዋው ነው። ከአፍዴራ ወዲያ ከዋናው መንገድ ወጣ እንዳልኩ ጎማዎቼ 40 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ሞልተው እንደ ድንጋይ ጠጥረው፣ መኪናዋ እስከ ሆዷ ገባች። ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። አካፋ ይዤ ቆፈርኩ። በቆፈርኩ ቁጥር አሸዋው ተመልሶ ይገባል። ፎር ሎው፣ አራቱንም ጎማ በጉልበት የሚነዳውን ማርሽ፣ አስገብቼ ነዳጅ ስሰጥ ጎማው ይሽከረከርና የባሰ ይቀበራል። ሁለት ሰዓት እንዲህ ሆንኩ። አፌ ደርቆ ምላሴ ከትናጋዬ ተጣበቀ። በኋላ አንድ ጨው የሚያመላልስ አይሱዙ ከመንገዱ ዳር ቆመና ረዳቱ በእግሩ ወደ እኔ መጣ። የከሚሴ ልጅ ነው፣ ቢበዛ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አየና «አብሽር ጋሼ» አለኝ። ከመሬት አንድ ቀጭን እንጨት አነሳ፣ የጎማውን ክዳን ፈታ፣ ቫልቩን ተጫነው። ንፋሱ እየጮኸ ወጣ። ጎማው ቀስ እያለ ወገቡ ሲሰፋ፣ አሸዋው ላይ ሲተኛ በዓይኔ አየሁት። አራቱንም እንዲህ አደረገና ከፊታቸው ያለውን አሸዋ በእጁ ጠረገ። «አሁን በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብለህ፣ ነዳጅ ሳታበዛ» አለኝ። መኪናዋ ወጣች። የሁለት ሰዓት ቁፋሮ ያልሠራውን ያ ልጅ በአሥር ደቂቃ ጨረሰው።

ወደ ቤት ስመለስ ደግሞ ባሌስትራው ተሰበረ። ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። ቷ! የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ መኪናዋ ወደ ቀኝ አዘመመች። ዋናው ቅጠል፣ ሌሎቹን ሁሉ የሚሸከመው፣ ከመሐል ብሎኑ አጠገብ ለሁለት ተከፍሏል። ከአክሱሉና ከሻንሲው መሀል ጣውላ ሸጎጥን፣ አሮጌ ካላማዳሪ፣ የጎማ ውስጠኛውን ላስቲክ፣ በረጅሙ ቀደድን፣ እሱን እየወጠርን ከላይ እስከ ታች ጠመጠምን። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየሄድኩ አፍዴራ ገባሁ። ያ የተቀደደ ካላማዳሪ ዛሬም ጣሪያዬ ሥር አለ። ካላማዳሪ ለረጅም መንገድ ከተሰለፈ ዕቃ ሁሉ ይሻላል፤ አትጣሉት።

ስለ ጎማ ትንሽ ላብራራ፣ ዋናው ነገር እሱ ስለሆነ። አስፋልት ላይ 40 የሚሞላ ጎማ አሸዋ ላይ ወደ 18 ይውረድ። የባሰ ከያዘ ወደ 15። ጎማው ሲለሰልስ መሬት የሚነካው ቦታ በርዝመቱ ይጨምራል፣ የመኪናው ክብደት ይበተናል፣ እንደ ግመል ኮቴ ማለት ነው። ግመል አሸዋ ላይ የማትሰምጠው እግሯ ሰፊና ለስላሳ ስለሆነ አይደል? ንፋስ ቀንሶ መሮጥ ግን አይቻልም። በሰዓት ከ40 በታች ሂዱ፣ መሪ በድንገት አትጠምዝዙ፣ ጎማው ከተገጠመበት ብረት፣ ከቸርኬው፣ ሊወጣ ይችላል። ካላማዳሪ ያለበት ጎማ ከሆነ ደግሞ ንፋሱ በጣም ሲያንስ ጎማው ቸርኬው ላይ ተንሸራቶ ቫልቩን ይበጥሰዋል። የእኔዋ 7.50 በ16 ጎማ ባለ ካላማዳሪ ናት፣ ከ18 በታች የማወርደው በጣም ሲጨንቀኝ ብቻ ነው። ድንጋዩ ላይ ስትደርሱ ደግሞ መልሳችሁ ከ25 እስከ 28 ሙሉ። በጣም የለሰለሰ ጎማ ጎኑ ይወጣና ስለቱ ድንጋይ ይቀደዋል፤ የጎማ ጎን ከተቀደደ ጎሚስታም አያድነውም። አስፋልት ስትገቡ እንደገና ሙሉ። እንግዲህ በአንድ ቀን ሦስት አራት ጊዜ ንፋስ መሙላትና ማስወጣት አለ ማለት ነው፤ የንፋስ መሙያ ከሌላችሁ ይህን ሁሉ እንዴት ታደርጉታላችሁ? በረሃ ላይ ጎሚስታ የለም።

ብዙ ሰው «ከደጋ ሞልተህ ስትወርድ ጎማው ይፈነዳል» ይላል። ደጋግሜ ለክቼዋለሁ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሚሌ 500 ሜትር አካባቢ። ስትወርዱ የውጪው አየር ስለሚከብድ መለኪያው ላይ ወደ 2 ፒኤስአይ ይቀንሳል። ሙቀቱ ደግሞ ወደ 4 ይጨምራል። ልዩነቱ ብዙ አይደለም። ጎማ የሚያፈነዳው ጭነቱ፣ ፍጥነቱና እርጅናው ነው። እርጅናውን ለማወቅ የጎማውን ጎን እዩ። ከተጻፈው ሁሉ መጨረሻ ላይ አራት አሃዝ ታገኛላችሁ። 2319 ካለ በ2019 እንደ ፈረንጆቹ፣ በዓመቱ 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ መስሎ፣ መጋዘን ውስጥ ስምንት ዓመት የተቀመጠ ጎማ «አዲስ ነው» ተብሎ ሲሸጥ አይቻለሁ። እባካችሁ ከመክፈላችሁ በፊት እዩት፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ትልልቅ ጎማ ስለማሰር ደግሞ። የብዙዎቻችን ሃርድ ቶፕ ቱርቦ የሌላት ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ናት። ጠንካራ ናት እንጂ ፈረስ አይደለችም። ጎማው ሲተልቅ ማርሹ ሁሉ ይከብድባታል፣ ፍሪሲዮን ቶሎ ያልቃል፣ ፍሬኑም ይደክማል። ጎማው በ10 በመቶ ከበለጠ ቆጣሪው 80 ሲላችሁ እናንተ 88 ላይ ናችሁ፤ ይህን ባቲ ቁልቁለት ላይ አስቡት። ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ እሾህም አለ፣ አዋሽ አካባቢ መንገዱን ግራና ቀኝ የወረረው። እሱ ትልቅ ጎማ ትንሽ ጎማ አይልም። ሁለት ስኮርታ ያዙ፣ ሁለቱንም ጣሪያ ላይ አትስቀሉ፣ አንዱ ከኋላ በሩ ላይ ይሁን።

ጣሪያ ስል ንዴቴ ይመጣል። ሙሉ በርሜል ናፍጣ፣ ናፍጣው ብቻ ከ165 ኪሎ በላይ ነው። ይህን ከአናት አስቀምጦ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ጠመዝማዛውን መውረድ ሰው ጣሪያ ላይ ጭኖ እንደ መውረድ ነው። ከመገልበጡም ሌላ ከውስጡ ያለው ናፍጣ ሲጎድል ይናወጣል፣ መኪናው ወደ ዞረበት ተቃራኒ ይገፋል። ሁለት ታንክ ያላት ሃርድ ቶፕ 180 ሊትር ትይዛለች። ለአብዛኛው መንገድ ይበቃል። ካልበቃ ጄሪካን ወለል ላይ፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ፣ በደንብ ታስሮ። ጣሪያ ላይ ፍራሽና ድንኳን ብቻ።

አጎቴ፣ አላህ ይርሐመው፣ በኤንትሬ ፊያት የጭነት መኪና አሰብ ይመላለስ ነበር። ያኔ ከደሴና ከኮምቦልቻ የሚነሳ ሹፌር ሁሉ መንገዱ አሰብ ነበር፣ ድንበሩ በ1990 እስኪዘጋ ድረስ። የፊያቱ ፊት ላይ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ የውሃ ዕቃ ይሰቅላል። ነፋሱ ጆንያውን ሲያደርቀው ውሃው ይቀዘቅዛል። አንዱ የሰው፣ አንዱ የራዲያተር ውሃ ነው፣ የራዲያተሩን ሰው አይጠጣም፣ የሰውንም ራዲያተር አያገኝም። ከሚሌ ወደ ባቲ ዳገቱን የሚጀምረው ከመሸ በኋላ ነበር። እኔም ይህን ይዤ ቀርቻለሁ። ስመለስ ሙቀቱ ሲወጣብኝ ኤሲ አጠፋለሁ፣ የክረምቱን ማሞቂያ እከፍታለሁ። ለሰው መከራ ነው፣ ላብ ያጠምቃል፣ ግን ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል። ራዲያተር ፊት ላይ መብራትና ብረት የደረደራችሁ፣ አየር የሚገባበትን በር ነው የዘጋችሁት። አንሷቸው።

ለሰው ውሃ እኔ በቀን ለአንድ ሰው 6 ሊትር እይዛለሁ፣ ከዚያ በላይ ለአንድ ተጨማሪ ቀን። ለስድስት ሰው ለሦስት ቀን ከ100 ሊትር በላይ ነው። አዎ፣ ብዙ ነው። ለዚህ ነው የፊት ብረቱ መውረድ ያለበት። መኪናዋ የምትሸከመው የተወሰነ ነው፣ ያ የተወሰነው ውሃ ይሁን።

መኪና በካቦ የሚጎትተውን ዊንች ያሰራችሁም አላችሁ። ዊንች የሚያስርበት ዛፍ ይፈልጋል። አሸዋው ሜዳ ላይ ዛፍ የለም፤ ስኮርታ ጎማ ቆፍሮ ቀብሮ ነው የሚታሰረው፣ እሱም ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከዚያ ይልቅ ሁለት የአሸዋ መወጣጫና ለክሪክ መቀመጫ የሚሆን ወፍራም ጣውላ ይሻላል፣ ክሪክ ብቻውን አሸዋ ውስጥ ይሰምጣል። በካቦ ስትጎትቱ ደግሞ የተጎታች ኳሷ ላይ በፍጹም አታስሩ። ብረቷ ተነቅላ ስትወጣ እንደ ጥይት ናት። ካቦው ላይ ብርድ ልብስ ጣሉበት፣ ቢበጠስ ክብደቱ ካቦውን ወደ መሬት ይጎትተዋል። ሰውም አርቁ። አንድ ጓደኛዬ በተበጠሰ ካቦ ቅልጥሙን ተሰብሮ ስድስት ወር ተኝቷል።

ከኮፈኑ ጎን ወደ ጣሪያ የሚወጣው የአየር ቱቦ፣ ስኖርክል የሚሉት፣ ጥሩ ነው፣ አቧራው ከሥር ስለሚበዛ። ግን መጋጠሚያው በደንብ ካልታሸገ አቧራውን ቀጥታ ሞተር ይመግበዋል፣ ካለመኖሩ የባሰ ነው። ፊልትሮ በየማታው አራግፉ። ከጨው ሜዳ ስትመለሱ ደግሞ መጀመሪያ ላቫጆ፣ ሻንሲው ሥር በደንብ ይታጠብ። እሱን ሳያደርጉ መኪናቸውን ጨው የበላባቸውን ብዙ አውቃለሁ። ጨው ሜዳው ላይም የተነዳበትን ዱካ አትልቀቁ፣ ነጩ ቅርፊት ሲሰበር ሥሩ ጭቃ ነው።

ባለቤቶችን አንድ ነገር ልለምን። ከ2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት ታግዷል። ያሉን ላንድክሩዘሮች እነዚሁ ናቸው፣ ልጆቻችንም በእነሱ ነው የሚወርዱት። ሻንሲ ቆርጦ ከፍ የተደረገ መኪና ሲሸጥም ሲጠገንም ጣጣ ነው፣ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ካልተስማማ ደግሞ ቦሎ ላይ ይጨናነቃል። ፋብሪካው የሠራውን ባሌስትራ አዲስ አድርጉለት፣ መንጠሩን የሚያበርድ ደህና አሞርዛተር ግጠሙለት። በቂ ነው። ድንቅነሽን በ1967 ኅዳር ላይ ያገኙት ሰዎች፣ ያኔ ወሎ ውስጥ ወደነበረው ሐዳር የሚመላለሱት በላንድሮቨር ነበር፣ በዚያ ዘመን መኪና። መብራት የተደረደረበት አልነበረም።

የዓመት ምርመራ የምታደርጉም፣ የጎማውን ዕድሜና የጣሪያውን ጭነት እዩልን። ፍሬንና መብራት ብቻ አይደለም ሰው የሚጎዳው። ሰው ይዘው የሚወርዱ አከራዮችም ያለ ንፋስ መሙያ፣ ያለ ሁለተኛ ስኮርታ፣ ያለ በቂ ውሃ መኪና አትስጡ። ብቻዋን አንዲት መኪና አትላኩ፣ ሁለት ይሁኑ። የአካባቢውን ሰው ሳትይዙ አትውረዱ። የአፋር ወንድሞቻችን ዳጉ አላቸው፤ ሁለት ሰው ሲገናኝ ተቀምጦ ያየውን ሁሉ ይነጋገራል፣ የትኛው መንገድ ተቆረጠ፣ የት ውሃ አለ፣ ማን አለፈ። ስልክ የማይሠራበት ቦታ ላይ ዳጉ ይሠራል። ስትደርሱ ቆማችሁ ሰላም በሉ፣ ጠይቁ፣ የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ንገሯቸው። ብትጠፉ የሚፈልጓችሁ እነሱ ናቸው።

ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ሲመጣ ወራጁ ይበዛል። ከዚያ በፊት ይህን ደብዳቤ ብታወጡልኝ ብዬ ነው የቸኮልኩት። ብዙ ጠዋት ወደ ባቲ መውጫ ላይ፣ ማደያው አጠገብ፣ ነጭ ሃርድ ቶፕ ቆማ ካያችሁ እኔ ነኝ፣ የፊት ብረት የላትም። መለኪያና የንፋስ መሙያ አለኝ። ወደ ታች የምትወርዱ ሁሉ ቁሙ፣ ጎማችሁን ልይላችሁ፣ ገንዘብ አልጠይቅም። ያ ነጭ መኪና የነዳኸው ወንድሜም፣ ይህን ካነበብክ ና። የተሰበረውን ባሌስትራ አብረን እናየዋለን።

አንባቢያችሁ፣ ከኮምቦልቻ